ይህ ቁጥር ከየት መጣ?

«ቃኘ» የሚለው ግሳችን ሁለት ሥራ አለው። ክራር መቺው አውታሮቹን አንድ በአንድ እያጠበቀና እያላላ ድምፃቸውን ሲያስማማ ክራሩን ቃኘ እንላለን። ጦር ከመንቀሳቀሱ አስቀድሞ የሚላከው፣ የወንዙን መሻገሪያና የገደሉን አፋፍ አይቶ የሚመለሰውም ሰው ቃኚ ይባላል። አንደኛው ቅኝት መሣሪያን ማስማማት ነው፤ ሁለተኛው ያልታወቀ አገር ማሰስ። ቋንቋችን ሁለቱን በአንድ ቃል ያሰረበትን ምክንያት የቋንቋ ሊቃውንት ያውቁት ይሆናል። እኔ ግን የምተዳደርበት ሙያ በየዕለቱ ሁለቱንም አንድ ላይ ስለሚያሠራኝ፣ ቃሉ ለእኛ ለሙያተኞቹ ተብሎ የወጣ እስኪመስለኝ ድረስ ወድጄዋለሁ።

እስቲ ወዳጄ፣ ነገሩን ከሥሩ እንጀምረው። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ከአዲስ አበባ ተነስቶ 19 ሌሎች ከተሞችን አንድ አንድ ጊዜ ብቻ አዳርሶ ይመለስ ዘንድ ታዘዘ እንበል። ጎንደርን ከደሴ ያስቀድም ወይስ ደሴን ከጎንደር? አጭሩ ዙር የትኛው ነው? ጥያቄው የልጅ ጥያቄ ይመስላል። የሚቻሉት ዙሮች ግን 60,822,550,204,416,000 ናቸው። በሰከንድ አንድ ቢሊዮን ዙር የሚመረምር ኮምፒውተር አንድም ሳላስቀር ልቁጠር ቢል ሁለት ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ከተሞቹ በጠቅላላው 25 ቢሆኑ ደግሞ ወደ 10 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። አምስት ከተማ ብቻ ተጨምሮ!

ለዚህ ለሹፌሩ ጥያቄ የሒሳብ ሊቃውንት ብልኅ አቋራጮችን አበጅተውለታል። ለነርሶች የሥራ ተራ፣ ለትምህርት ቤት የፈተና ፕሮግራም፣ ለፋብሪካ የሥራ ቅደም ተከተል ግን እንዲህ ያለው አቋራጭ ሁልጊዜ አይገኝም። ስለዚህም «ፍጹሙን አመጣለሁ» ብለው ሳይምሉ፣ በተሰጣቸው ጊዜ ውስጥ መልካሙን ፈልገው የሚያመጡ ስልቶች ተፈጠሩ። አሜሪካዊው ምሁር ፍሬድ ግሎቨር እ.ኤ.አ. በ1986 «ሜታሂዩሪስቲክ» የሚል ስም አወጣላቸው። (ከዚህ በታች የማነሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የእነዚህ ስልቶች አባቶች ተፈጥሮን እየተመለከቱ ነበር የሚያስቡት። ጆን ሆላንድ በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ የዘር ውርስን ተመልክቶ መልሶችን እርስ በርስ አዳቀለ። ማርኮ ዶሪጎ በ1992 በሚላን ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ከጉንዳን ሰልፍ ተማረ። ኬኔዲና ኤበርሃርት በ1995 ከወፎች መንጋ ቀሰሙ። ስልቶቹ ግን ብቻቸውን አይንቀሳቀሱም። ጉንዳኗ ጥላው የሄደችው ሽታ በምን ያህል ፍጥነት ይትነን? ወፏ ያየችውን ታስታውስ ወይስ መንጋውን ትከተል? ልጁ ከወላጆቹ ስንት ጊዜ ይለይ? የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ በቁጥር ይሰጣል። ቁጥሮቹ በሙያው ቋንቋ ፓራሜትር ይባላሉ፤ እኔ መቃኛ ብላቸው ይቀናኛል። ክራሩ ያው ክራር ሆኖ ሳለ በትዝታ ቅኝት ሲቃኝ አንድ ነገር፣ በአንቺሆዬ ሲቃኝ ሌላ ነገር እንደሚናገር፣ አንዱ አልጎሪዝምም መቃኛው ሲለወጥ ሌላ ፍጥረት ይሆናል።

ከሁሉም አብልጬ የምወደው ግን ከብረት ሥራ የተገኘው ነው። ስኮት ኪርክፓትሪክና ሁለት ባልደረቦቹ በ1983 «ሳይንስ» በተሰኘው መጽሔት ላይ አቀረቡት። ስሙ ሲሙሌትድ አኒሊንግ ነው፤ በእኛ አነጋገር አግሎ ቀስ እያሉ ማቀዝቀዝ። «ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው» ይላል የእኛ ሰው። ብረቱን ቅርጽ ለማስያዝ እውነት ነው። ነገር ግን የጋለውን ብረት ድንገት ውሃ ውስጥ ቢነክሩት ይጠነክራል እንጂ አይረጋጋም፤ ውስጡ ውጥረት ይዞ ይቀራል፣ ተሰባሪም ይሆናል። ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ ግን ቅንጣቶቹ የሚያርፉበትን ስፍራ ፈልገው ያገኛሉ።

አንድ መንገደኛ በስሜን ተራሮች ጭጋግ ውስጥ ቆሞ «ወደ ከፍተኛው ጫፍ ውጣ» ተባለ እንበል። የሚታየው ከእግሩ በታች ያለው መሬት ብቻ ነው። ሁልጊዜ ሽቅብ ብቻ የሚረግጥ ከሆነ የመጀመሪያው ጉብታ ላይ ደርሶ ይቆማል፤ በየትኛውም አቅጣጫ ቢራመድ ቁልቁል ነውና «ራስ ዳሸን ላይ ነኝ» ብሎ ይቀመጣል። ከፍ ወዳለው ለመድረስ አስቀድሞ ዝቅ ለማለት መፍቀድ አለበት። ምን ያህል? ይህን የሚወስነው «ሙቀት» የሚባለው ቁጥር ነው። ሙቀቱ 100 ሲሆን፣ መልሱን በ10 ነጥብ የሚያከፋ እርምጃ ከመቶ 90 ጊዜ ያህል ይፈቀድለታል። ሙቀቱ ወደ 10 ሲወርድ ያው እርምጃ ከመቶ 37 ጊዜ ያህል፣ 1 ሲደርስ ደግሞ ከ100,000 ጊዜ አራት አምስቴ ብቻ ይፈቀዳል። መንገደኛው በወጣትነቱ የትም ይባዝናል፤ እያደር ይሰክናል፤ በመጨረሻ ከያዘው አይነቃነቅም።

ሙቀቱ በየደረጃው በ0.80 እየተባዛ የሚወርድ ቢሆን ከ100 ተነስቶ ከ1 በታች ለመውረድ 21 ደረጃ ይበቃዋል። በ0.95 ከሆነ 90 ደረጃ፣ በ0.99 ከሆነ 459 ደረጃ ያስፈልገዋል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው አባባል ትክክል ነው፤ ግን እንቁላሉ እስኪሄድ ድረስ የሚጠብቅ ጊዜ ያለው ማነው? ፈተናው ሰኞ የሚጀምር ከሆነ እሑድ የሚወጣ ፍጹም ፕሮግራም ለማን ይበጃል? ቅኝት እንግዲህ በዚህ መካከል ያለ ሥራ ነው። ቸኩለን ጉብታው ላይ አንቅር፣ ዘግይተንም ጭጋጉ ውስጥ አንምሽ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ኮሌጅ የማታ ተማሪዎች የፈተና ፕሮግራም የሚያወጣ ሥራ እያዘጋጀሁ ነበር። እስከዚያ ድረስ ፕሮግራሙን በትልቅ ወረቀት፣ በእርሳስና በላጲስ ሲያወጡ የኖሩት አንዲት አንጋፋ የሬጅስትራር ሠራተኛ ናቸው። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ያተምሁትን ወረቀት ሲመለከቱ ቆዩና ጣታቸውን አንድ ስፍራ ላይ አሳረፉ።

«ልጄ፣ ይህ 0.95 ከየት መጣ?»

«እትዬ፣ ሞክሬ ነው ያገኘሁት።»

«በምን ላይ ሞከርህ?»

«ባለፉት ሴሚስተሮች ምዝገባ ላይ።»

«ዘንድሮ እንደ አምና ነው ያለህስ ማነው?»

ጥያቄው ለእኔ አዲስ አልነበረም፤ ጠያቂዋ ግን አዲስ ነበሩ። በዘርፉ ብዙ ገጽ የተጻፈበትን ጉዳይ በአንድ ዐረፍተ ነገር ነበር ያነሱት። በእጄ የአራት ሴሚስተር ምዝገባ እንደነበረ፣ በሦስቱ ላይ መቃኛውን ስሞክር አራተኛውን ግን እስክጨርስ ድረስ ከፍቼ እንዳላየሁት ነገርኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንደ ፈተና ወረቀት አሽገህ አስቀመጥኸው ማለት ነው» አሉ። «ደግ አደረግህ። ፈተናውን ቀድሞ ያየ ተማሪ ያወቀ አይባልም።» የዘርፉን ዋነኛ ሕግ ከዚህ ባጠረ ቋንቋ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም።

ወዳጄ፣ ይህ «ከየት መጣ» የሚለው ጥያቄ በእኛ ሙያ ውስጥ ብዙ ሰው የሚያፍርበት ጥያቄ ነው። የሆላንድ ተማሪ የነበረው ኬኔት ዲ ጆንግ በ1975 በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጽሑፉን ሲያቀርብ፣ አምስት የሒሳብ ተግባራትን መርጦ በእነርሱ ላይ ጀነቲክ አልጎሪዝምን ፈተነ። የሕዝቡን ብዛት ከ50 እስከ 100፣ የመዳቀሉን ዕድል 0.6፣ የመለወጡን ዕድል 0.001 ቢያደርጉት መልካም እንደሚሆን አገኘ። ጆን ግሬፈንስቴት በ1986 ደግሞ ጀነቲክ አልጎሪዝምን በሌላ ጀነቲክ አልጎሪዝም ቃኝቶ ሌላ ቁጥር አመጣ፤ 30፣ 0.95 እና 0.01። የመለወጡ ዕድል በአንድ ጊዜ አሥር እጥፍ አደገ። ሁለቱም የደከሙበትን ሥራ ነው ያቀረቡት፤ ሁለቱንም አመሰግናለሁ። ከእነርሱ በኋላ የመጣው ብዙ ሰው ግን ቁጥሮቹን እንደ አያት ርስት ወርሶ፣ እነርሱ አይተውት በማያውቁት መሬት ላይ ዘራቸው። ለምን 0.6 ሆነ ቢሉት «እነ እገሌም እንዲሁ አድርገዋል» ይላል። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል እንደሚባለው ነው።

ለሁሉም የሚሆን አንድ ቅኝት ይኖር ይሆን? ዴቪድ ዎልፐርትና ዊልያም ማክሬዲ በ1997 ለዚህ ምላሽ ሰጡ። በዓለም ላይ ሊኖሩ የሚችሉ ችግሮች ሁሉ ያለ አድልዎ በአንድነት ቢታዩ፣ አንዱ የፍለጋ ስልት ከሌላው አይበልጥም ሲሉ በሒሳብ አረጋገጡ። ይህ ተስፋ የሚያስቆርጥ ዜና የሚመስለው ሰው አለ። እኔ ግን የማነበው «የምትሠራበትን መሬት እወቅ» ብሎ እንደሚመክር ነው። ማንም ሰው ችግሮችን ሁሉ አይፈታም። የአንድ ኮሌጅ የማታ ተማሪዎች ፈተና የራሱ ጠባይ አለው፤ መቃኘት ያለበትም ለእርሱ ነው።

ታዲያ እንዴት እንቃኝ? አምስት መቃኛ ቢኖረን፣ እያንዳንዱም አሥር ዓይነት ዋጋ ቢኖረው 100,000 ዓይነት ቅንብር ይወጣል። ዕጣም በሥራው ውስጥ ስላለበት እያንዳንዱን ቅንብር በ10 ምሳሌ ላይ አሥር አሥር ጊዜ እንሞክር ብንል አሥር ሚሊዮን ሙከራ ይሆናል። አንዱ ሙከራ አንድ ደቂቃ ቢወስድ 19 ዓመት ያህል ነው። ልጅ ተወልዶ ዩኒቨርሲቲ ይገባል።

በዚህ የተጨነቁ ሰዎች መፍትሔውን ከሩጫ ሜዳ አመጡት። ማውሮ ቢራታሪና ባልደረቦቹ በ2002 ባቀረቡት ስልት ቅንብሮቹ ሁሉ በአንድ መነሻ መሥመር ይሰለፋሉ። አንድ ምሳሌ ይሰጣቸዋል፤ ይሮጣሉ። ሌላ ይሰጣቸዋል፤ ይሮጣሉ። ከሌሎቹ እንደሚያንስ በስታቲስቲክስ የታወቀበት ተወዳዳሪ ከሜዳ ይወጣል፤ የቀሩት ይቀጥላሉ። ደካማው ላይ ጊዜ አይባክንም፤ ለተቀራረቡት ግን ብዙ ዙር ይሰጣቸዋል። ይህን ሐሳብ እየደጋገመ የሚያካሂድና ኢሬስ የተባለ፣ ማንም ሊጠቀምበት የሚችል ፕሮግራም ወጥቶ በ2016 በሰፊው የሚያብራራው ጽሑፍ ታትሟል። እኔም ለፈተናው ፕሮግራም የተጠቀምሁት ይህንኑ ነው። ሌሊቱን ሲሮጥ አድሮ ንጋት ላይ መብራት ሲጠፋ የደረሰብኝን ብስጭት ግን የሩጫው ሕግ አይመልሰውም።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። በየጊዜው የመመረቂያ ጽሑፎችን አነባለሁ። ብዙዎቹ እንዲህ ይላሉ፤ «አዲሱ ስልታችን ከነባሩ በልጦ ተገኝቷል»። ሰንጠረዡ ያምራል፤ ግራፉ ያምራል። ነገር ግን ጸሐፊው የራሱን ስልት ስድስት ወር ሲቃኝ ከርሞ፣ የተቀናቃኙን ስልት ከመጽሐፍ ባገኘው ቁጥር እንዳለ አስነስቶት ከሆነ፣ በልጦ የተገኘው የትኛው ነው? አንዱ ክራር ተቃኝቶ፣ ሌላው አውታሩ እንደላላ ቀርቦ «የእኔ ክራር ይበልጣል» ቢባል ማን ይፈርዳል? ጆን ሁከር በ1995 ይህን የመሰለውን የውድድር ልማድ ነቅፎ ጽፏል፤ ማን እንደቀደመ ያሳያል እንጂ ለምን እንደቀደመ አያስተምርም የሚል ነው ነቀፌታው። ኬኔት ሶረንሰን በ2015 ደግሞ ከየእንስሳውና ከየክስተቱ ስም እየተዋሱ አዲስ ነገር ተገኘ የሚሉትን ጽሑፎች ገሥጿል። ስሙ አዲስ ሆኖ ሥራው የቆየ ነው።

የአገራችን ተማሪ በዚህ ይበልጥ ይጎዳል። ጠንካራ ኮምፒውተር የለውም፤ ጊዜው አጭር ነው፤ ከውጭ በታተመ ሰንጠረዥ ፊት ሲቆም የእርሱ ትሑት ውጤት ያሳፍረዋል። ከዚያ ሰንጠረዥ በስተጀርባ ስንት ሺህ የተደበቀ ሙከራ እንዳለ አይነገረውም። ስለዚህ ሊያማክሩኝ የሚመጡትን ሁሉ አንድ ነገር ብቻ እለምናቸዋለሁ፤ አንድ ገጽ ጨምሩ። በዚያ ገጽ ላይ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ፣ ስንት ጊዜ እንደሞከራችሁ፣ ለተቀናቃኛችሁም ያንኑ ያህል ዕድል መስጠታችሁን ጻፉ። ያ ገጽ ያለበት ደካማ ውጤት፣ ያ ገጽ ከሌለበት ድንቅ ውጤት ይልቅ ለሚቀጥለው ሰው ይጠቅማል።

ይሁንና ቅኝት የማይደርስበት ስፍራ አለ። አንጋፋዋ ሠራተኛ የመጀመሪያውን ጥያቄ ካነሡ ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ተቃኝቶ ያለቀውን ፕሮግራም ሳሳያቸው ሌላ ጥያቄ አመጡ። ፕሮግራሙ መልካምነቱን የሚለካው በቅጣት ነጥብ ነበር። አንድ ተማሪ በአንድ ማታ ሁለት ፈተና ቢገጥመው ይህን ያህል፣ አዳራሽ ባዶ ቢያድር ይህን ያህል፣ ፈተና አምሽቶ ቢያልቅ ይህን ያህል እየተባለ። ነጥቦቹ ከኮሌጁ በደብዳቤ የደረሱኝ ናቸው። እርሳቸው ሁለቱን አነጻጸሩና ወረቀቱን ወደ እኔ ገፉት።

«አዳራሽ ባዶ ከሚያድር፣ የሰው ልጅ ማታ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ታክሲ ስትጠብቅ ትቁም ያለው ማነው?»

ጠርዙን አየሁት። ባዶ አዳራሽ የሚያስቀጣው ነጥብ አምሽቶ ከሚያልቅ ፈተና ይበልጥ ነበር። አልጎሪዝሙ በታማኝነት የታዘዘውን ፈጽሟል። እንዲያውም ቅኝቱ በተሻሻለ ቁጥር ሴቶቹን በጨለማ መንገድ ላይ የማቆሙን ሥራ ይበልጥ አሳምሮ ይፈጽመዋል። መቃኛ እንዴት እንደምንፈልግ ይወስናል፤ ምን እንደምንፈልግ ግን አይወስንም። የመጀመሪያውን ለሩጫው ሜዳ መተው ይቻላል። ሁለተኛውን ግን ለማንም ማሽን አሳልፎ መስጠት አይቻልም፤ ምክንያቱም የሚወዳደሩት ሰዓቶችና አዳራሾች ሳይሆኑ ሰዎች ናቸው።

ጥያቄያቸውን ጽፌ ከውጤቱ ጋር አያይዤ አቀረብሁ። እርሳቸውም ስብሰባው ላይ ተገኝተው ተናገሩ። ነጥቦቹ ተለወጡ፤ ከማታ ሁለት ሰዓት በኋላ የሚያልቅ ፈተና እንዳይኖር ተወሰነ፤ የፈተናው ጊዜ በሁለት ቀን ረዘመ። በአሮጌው መለኪያ ቢሰላ አዲሱ ፕሮግራም ከቀድሞው የከፋ ነው። በሥራ ላይ የዋለውም እርሱ ነው።

ከመሰናበቴ በፊት የጀርመኑን ኢንጎ ሬሸንበርግን ሕግ ላካፍላችሁ። በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የሚገኝ ነው። ከምትሞክራቸው ለውጦች መካከል የተሳኩትን ቁጠር ይላል። ከአምስት አንዱ ከተሳካ እርምጃህ ደህና ነው። ከዚያ ያነሰ ከሆነ እርምጃህ ረዝሟልና አሳጥረው። ከዚያ የበለጠ ከሆነ ግን እርምጃህን አስረዝመው። ብዙ ጊዜ የሚሳካለት ፈላጊ ሩቅ ሳይሄድ በቅርቡ እየተንፏቀቀ ነውና። ሕጉ የተሠራው ለቁጥር ነው፤ ለሰው ሕይወት ልስፋው ብል ከልኩ ያልፋል። ሆኖም አምስት ሙከራ ሞክሮ በአራቱ ያልቀናው ተማሪ ፊቱን አጥቁሮ ወደ እኔ ሲመጣ ይህን ሕግ ሳልነግረው የሸኘሁበት ቀን የለም።

እናንተም፣ ውድ አንባብያን፣ ስለ ኮምፒውተር ምንም የማይገዳችሁ ብትሆኑ እንኳ፣ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየባንኩ፣ በየትምህርት ቤቱ ቁጥር እየወሰነላችሁ ነው። ወረፋችሁን፣ ብድራችሁን፣ የልጃችሁን ውጤት። «ይህ ቁጥር ከየት መጣ?» ብሎ ለመጠየቅ ዲግሪ አያስፈልግም፤ ከእጃችሁ ሥራ የተማራችሁት ይበቃል። ትክክለኛ መልስ ያለው ሰው በጥያቄያችሁ አይቆጣም።

ቸር እንሰንብት።